በጥር ሻጭ፣ በሐምሌ ገዢ

ደብረ ማርቆስ እህል ተራ ውስጥ አንድ ጆንያ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነጭ የፕላስቲክ ጆንያ ነው። ፊቱ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ታትመውበታል፤ አፉ በሲባጎ ተሰፍቷል። የእርዳታ ስንዴ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ወደ ተሸካሚው ዞርኩ። ሳቀብኝ።

«ጆንያው ነው እንጂ ስንዴው የኛ ነው» አለኝ።

ስፌቱን በጣቱ ከፈት አድርጎ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ከማቻከል የመጣ ስንዴ ነበር። ጆንያው ጠንካራ ስለሆነ ነጋዴ ይፈልገዋል። ከእህል ተራው ጥግ ባዶውን ቆልለው የሚሸጡ ሴቶችም አሉ።

የኔን ዓይነት ስህተት ብዙ ሰው ይሠራል። ጆንያውን ያይና በስንዴው ላይ ይፈርዳል። ጎጃም ውስጥ ስለ እህል ዋጋ ከተነሣ «የእርዳታ ስንዴ ነው ገበሬውን የገደለው» የሚል አይጠፋም። አባባሉ ጨርሶ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ግን ማንን፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ገበያ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። የእርዳታ ፕሮግራም የሚገመግሙ ሰዎችም ስንት ቶን ገባ፣ ስንት ሰው ተቀበለ ብለው ይቆጥሩና ወሩን ይረሱታል። እኔን የሚያሳስበኝ ወሩ ነው።

ክርክሩ ከየት መጣ?

አሜሪካ ፐብሊክ ሎው 480 የተባለውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያኔ መጋዘኗ በትርፍ ስንዴ ተጨናንቆ ነበር። ለድሃ አገር በርካሽ መሸጥም ሆነ በነፃ መስጠት ለራሷ ገበሬ እፎይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ቴዎዶር ሹልትዝ የተባለው ኢኮኖሚስት የማይመቸውን ጥያቄ አነሣ። በነፃ የመጣ እህል ገበያ ላይ ሲፈስ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋ ሲወርድ የተቀባዩ አገር ገበሬ ማረሱን ይቀንሳል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ እርዳታ ያስፈልጋል። ክርክሩ ሲሰነብት አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ቤልሞን በሚባለው ማሻሻያ ሁለት ነገር አስገደዱ። እህሉ ከመጫኑ በፊት የተቀባዩ አገር በቂ መጋዘን እንዳለው ይታይ፤ የአገሩን ምርት ክፉኛ እንደማይጎዳም ይጣራ አሉ።

ማጣራቱ በወረቀት ቀላል ነው። መሬት ላይ ግን «የአገሩ ገበሬ» የሚባል አንድ ሰው የለም።

የእኛን አገር የቤተሰብ ዳሰሳ መረጃ የተጠቀመ አንድ የታወቀ ጥናት ነገሩን ገልብጦ አየው። መረጃው እ.ኤ.አ. የ1999 እና የ2000 ነው። ስንዴ ከሚሸጠው ቤተሰብ የሚገዛው ይበዛል የሚል ውጤት አገኘ። ሻጮቹም በአማካይ ከገዢዎቹ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ የስንዴ ዋጋ ሲረክስ ከሚጎዳው ድሃ የሚጠቀመው ይበልጣል። ገጠሬ ሁሉ ሻጭ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ዱብ ዕዳ ነው።

ጥናቱን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አላለኝም። የገበሬ ልጅ ነኝና። ቆይቼ ግን አጎቴን አሰብኩ።

አጎቴ

አጎቴ አማኑኤል ከተማ አቅራቢያ ያርሳል። ስንዴ፣ ጤፍና ትንሽ በቆሎ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ያጭዳል፣ ይወቃል። በጥር ሦስት ኩንታል ስንዴ ጭኖ ገበያ ይወጣል። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የመሬት ግብር አለበት፣ ማኅበር ወይም ሠርግ አይጠፋም። እሱ ሲሸጥ ጎረቤቱም ይሸጣል፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ይሸጣል። ያኔ ዋጋው የዓመቱ ዝቅተኛ ነው።

ሰኔ ሲገባ ጎታው ይጎድላል። በሐምሌ ያው ሰው ገዢ ሆኖ ይመጣል። ስንዴውን በርካሽ ሸጦ በቆሎ በውድ ይገዛል።

አንዴ ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ እስከ ሰኔ ቢያቆዩትስ?»

«ልጄ፣ ዕዳ ወር አይጠብቅም» አለኝ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «ነቀዙም አይጠብቅም።»

እንግዲህ አጎቴ ሻጭ ነው ወይስ ገዢ? የዳሰሳ ቅጽ የሚሞላ ሰው የዓመቱን ሽያጭና ግዢ ደምሮ አንዱን ይጽፋል። እሱ ግን በጥር ዋጋ ቢወርድ ይጎዳል፣ በሐምሌ ቢወርድ ይጠቀማል። ሽያጩና ግዢው በኩንታል እኩል ቢሆን እንኳ በሁለቱ ወሮች ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከኪሱ ይወጣል።

ስለዚህ አንድ የእርዳታ ስንዴ መርከብ ሐምሌ ላይ ቢደርስ አንድ ነገር ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ቢደርስ ሌላ ነው። ስንዴውም ቶኑም አይለያይም። የመጀመሪያው አጎቴን ያግዘዋል። ሁለተኛው አውድማው ላይ እያለ ዋጋውን ይጫንበታል።

የሚደርሰውስ መቼ ነው? የአሜሪካ መንግሥት ኦዲተር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት ከሰሃራ በታች ባሉ 10 አገሮች የተላከውን እህል መርምሯል። ከአሜሪካ የተጫነው ለመድረስ በአማካይ 147 ቀን ፈጀ። እዚያው አገር ውስጥ የተገዛው 35 ቀን ብቻ። ወጪውም ቢሆን በአገር ውስጥና በአካባቢው የተገዛው በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። ሰኔ ላይ ረሃብ ታየ ብሎ የተጠየቀ ስንዴ በ147 ቀን ውስጥ ቢመጣ ኅዳር ይሆናል። ኅዳር ምን ወር እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገርም።

መዘግየቱ በከፊል የባሕር ጉዞ ነው። ከፊሉ ግን የአሜሪካ ሕግ ነው። ከእርዳታ እህሉ ግማሹ የአሜሪካ ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን ያስገድዳል፤ ቀደም ሲል ደግሞ 75 በመቶ ነበር። ካናዳ ይህን ዓይነቱን እስር እ.ኤ.አ. በ2008 ፈትታ ገንዘቡን የትም ግዙበት አለች። ኬር የተባለው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ደፋር ነገር አደረገ። የእርዳታ እህል በተቀባዩ አገር ገበያ ሸጦ ፕሮጀክት ማካሄድ የተለመደ ነበር። ኬር በዓመት 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቢያስቀርበትም ይህንን አቆማለሁ አለ። ገበያ ላይ የሚሸጥ የእርዳታ እህል ገበሬውን ይጎዳል ብሎ ነው። እኔ እዚህ ላይ ከኬር ጋር ነኝ። ለተራበ ሰው የተሰጠ ስንዴ ቢያንስ በከፊል፣ ያለዚያ ገበያ መውጣት የማይችል ሆድ ውስጥ ይገባል። ተሸጦ ገንዘብ የሚሆነው ግን ከአጎቴ ስንዴ ጋር ፊት ለፊት ይጋፋል።

የወደብ ሂሳብ

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሩ ለማቅለያ ብቻ ነው።

ጅቡቲ ላይ አንድ ኩንታል ስንዴ 100 ብር ያወጣል እንበል። አዲስ አበባ ለማድረስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ 40 ብር ይፈጃል እንበል። ከውጭ የተገዛ ስንዴ አዲስ አበባ ላይ 140 ይገባል ማለት ነው። የኛን ስንዴ ለውጭ መሸጥ ብንፈልግ ደግሞ ወደቡ ላይ 100 ለማግኘት አዲስ አበባ ላይ በ60 መግዛት አለብን።

ከ60 እስከ 140 ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። ወደብ የሌለው አገር ዕዳ ይህ ነው። የአገር ውስጥ ዋጋ በዚህ መካከል ሲሆን ነጋዴ አያስገባም፣ አያስወጣም። ገበያው በራሱ ብቻ ይተነፍሳል። እዚህ መሀል የእርዳታ ስንዴ ሲጨመር መሄጃ የለውም። ዋጋ ይጫናል።

ዋጋው 140 የነካ ጊዜ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ያኔ እየተገዛ የሚገባ ስንዴ አለ። የእርዳታው ስንዴ ሲመጣ በግዢ የሚገባው ይቀንሳል እንጂ የገበሬው ዋጋ ብዙም አይነቃነቅም። እንዲህ ባለው ዓመት «እርዳታው ገበሬውን ገደለው» ማለት ልክ አይደለም። የተጠቀመው የመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ካዝና ነው። በኢትዮጵያ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እርዳታው ከአገር ውስጥ ምርት አንድ አሥረኛ እስካላለፈ ድረስ ገበያውን የማናጋት አቅሙ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ነው የሚያሰጋው።

ጎጃም ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይቀነሳል። ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀሉ ላይ ዓባይ አለ። አይሱዙው ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን የሚወጣበት ነዳጅና ጎማ፣ የደላላው፣ የጫኝና አውራጁ ሁሉ ከገበሬው ዋጋ ላይ ነው የሚቆረጠው። አዲስ አበባ ላይ 100 የሆነ ስንዴ አማኑኤል ላይ 100 ሆኖ አያውቅም።

ዋጋ የሰበረው ማን ነው?

ወደኋላ ስናይ የጎጃም ገበሬ ዋጋ ክፉኛ የወደቀባቸው ጊዜያት አሉ። የእርዳታ ስንዴ ከነዚህ በስንቱ ላይ ነበር? መቁጠር ይቻላል።

በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበር። አባቶቻችን እሰገድ ይሉታል። ገበሬው በተወሰነለት ኮታ፣ በተወሰነለት ዋጋ ለድርጅቱ ያስረክባል። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች ክፍለ ሀገሮች የግል ነጋዴ እህል አሻግሮ እንዳይነግድ ታግዶ ነበር። የጎደለበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ይህን ለዛሬ ልጅ ስትነግረው ቀልድ ይመስለዋል። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚው አዋጅ ሲመጣ ነው። ገበሬው ያኔ እፎይ አለ።

ሁለተኛው በ1993 እና በ1994 ነው። ዝናቡ ጥሩ፣ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩም የተሠራጨ ነበር። በቆሎ ተረፈ። የበቆሎው ዋጋ እንደ ድንጋይ ወደቀ። ለማጨጃ የሚከፈለው ከሽያጩ በልጦ በቆሎው ማሳ ላይ የቀረበት ቦታ ነበር። ብድሩን መክፈል ያቃተው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ቀነሰ። ከዚያ በ1995 ድርቅ መጣ። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በአንድ ዓመት በቆሎ የሚጣልበት፣ በሚቀጥለው ሰው የሚራብበት አገር። መሀል ላይ የጎደለው መጋዘን፣ የገዢ ገንዘብና መንገድ ነው። በ1974 የተቋቋመ የመጠባበቂያ ክምችት ነበረን። ሥራው ግን ለእርዳታ ድርጅቶች እህል ማበደርና መልሶ መቀበል ነበር። የወደቀ ዋጋ መደገፍ በሥራው ውስጥ አልነበረም።

ሦስተኛው የቅርብ ነው። በ2015 የካቲት አገሪቱ ስንዴ ኤክስፖርት ጀመረች ተባለ። የበጋ መስኖ ስንዴው ብዙ ተወርቶለታል፤ ጎጃም ውስጥም በቆጋ መስኖ በኩል ስንዴ በክረምት ብቻ ሳይሆን በበጋም መታየት ጀምሯል። መልካም ነው። ግን በዚያው ሰሞን ስንዴ በኩንታል በ3,200 ብር ለመንግሥት ገዢዎች ይሸጥ ተባለ። የነፃ ገበያው ዋጋ ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። ስንዴ ጭኖ ኬላ ማለፍ ፈተና ሆነ። በ60 ገዝቶ በ100 የመሸጡን ሂሳብ ከላይ ሠርተነዋል። ያ ልዩነት ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ሰው ይከፍለዋል። የከፈለው አራሹ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን አደባባይ አወጣው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። መንገድ ሲዘጋ ደብረ ማርቆስ ርካሽ፣ አዲስ አበባ ውድ ይሆናል። መንገድ ከፍ ያለ ግብር ነው፤ ደረሰኝ የሌለው።

ከሦስቱ በአንዱም ዋናው ተጠያቂ የእርዳታ ስንዴ አይደለም። ኮታ ነው፣ ገዢ ማጣት ነው፣ ኬላ ነው። የእርዳታ ስንዴን ነፃ ለማውጣት ብዬ አይደለም። ግን ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ስለ ዋጋ የሚያማርር ሰው የአሜሪካኖቹን የስንዴ አገር ካንሳስን ከመውቀሱ በፊት ኬላውን ቢያይ ይሻለዋል።

ትርፍ አለው የተባለ አገር

ሌላ ጉዳይ አለ፤ ብዙ አይወራም። ጎጃም «ትርፍ አምራች» ተብሎ ተመዝግቧል። ስሙ ጥሩ ነው። መዘዝ ግን አለው። የእርዳታ ዕቅድ ሲወጣ ካርታው ላይ ያለው ቀለም ይታያል። ኢትዮጵያ ውስጥ እርዳታ የት እንደሚሄድ ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር ደጋግመው አይተዋል። ዘንድሮ እርዳታ የሚሄደው አምና ወደ ሄደበት ነው። መኪናው፣ መጋዘኑ፣ ሠራተኛው እዚያ ስላለ። የተራበው ሰው አዲስ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ወረፋው አይደርሰውም።

ዓባይ ቆላ ውስጥ ዝናብ ሲቆም ወይም ደጋው ላይ አፈሩ ኮምጥጦ ገብሱ ሲቀጭጭ ጎጃም ትርፍ አምራች መሆኑ ለዚያ ቤተሰብ ምኑም አይደለም። አሲዳማ አፈር ኖራ ይፈልጋል፤ ኖራ ደግሞ ገንዘብና መኪና። ትርፉ ያለው ቡሬና ጃቢ ጠኅናን ነው። ረሃቡ ያለው ሌላ ቀበሌ። የዞን አማካይ ሲሠራ ሁለቱ ተደባልቀው ማንም አልተራበም ይባላል።

ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር የታሰበው በየዓመቱ የሚደጋገመውን ችግር በድንገተኛ እርዳታ ሳይሆን በታወቀ ፕሮግራም ለመያዝ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ነው። አንድ ሰው በወር አምስት ቀን ሠርቶ 15 ኪሎ እህል ወይም የሱን ያህል ገንዘብ ያገኛል። ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክረምት የእርሻ ሥራ አለ። ግን ጎታው ባዶ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህም ወር።

ገንዘብ ይሻላል ወይስ እህል የሚለው ክርክርም መልሱ ከወር ጋር ይዞራል። ገንዘብ ገበያውን ያነቃቃል፤ ከጎጃም እስከ ዋግ ነጋዴ እንዲጭን ያደርጋል። እህል ርካሽ በሆነበት ወር ከገንዘብ የተሻለ ነገር የለም። ክፍያው ሲጀመር በቀን 6 ብር ነበር። በ2000 ዋጋ ጣሪያ ሲነካ 8 ብር ተደረገ፤ ግን 8 ብሩ የድሮውን 3 ኪሎ አልገዛ አለ። ያኔ ተረጂው ራሱ «ገንዘቡን ተዉት፣ እህሉን ስጡን» አለ። ሰው በዋጋ መናር ወቅት እህል ቢመርጥ ሞኝነት አይደለም። ኪሱን ያውቃል።

ከጎጃም ተገዝቶ ወሎ ቢበላስ?

ይህ ሐሳብ ሁሌ ደስ ይለኛል። ስንዴውና በቆሎው ጎጃም አለ። ረሃቡ ዋግና ላስታ አለ። ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ፣ በደብረ ታቦር ወጥቶ ጋሸና የሚደርሰው መንገድ አለ። ለምን ባሕር ተሻግሮ ይመጣል?

ተሞክሯል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 በ20 አገሮች ከአነስተኛ ገበሬ የመግዛት ሙከራ ጀመረ። ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ከገበሬ ዩኒየኖች በቆሎ ተገዛ። ብዙ ትምህርት ተገኘበት፤ ሁሉም ጣፋጭ አልነበረም።

አንደኛው ችግር ውል ነው። ዩኒየኑ በታኅሣሥ ዋጋ ይዋዋላል፤ ማስረከቢያው የካቲት ወይም መጋቢት ይሆናል። መሀል ላይ ገበያው ይጨምራል። የዩኒየኑ አባል የሆነው ገበሬ ቀን ሲመሽ ለነጋዴ ሸጦ ይገባል። ማን ይፈርድበታል? ነጋዴው ብሩን እጁ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ዩኒየኑ «ሂሳብ ሲወጣ» ይለዋል። በዚያ ውል ይፈርሳል። ሁለተኛው ጥራት ነው። እርጥበት ያለው በቆሎ ሻጋታ ያበጃል፣ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ይመጣል፤ መጋዘኑ ላይ ይመለሳል። ሦስተኛውን ጎጃም ያሉ ሴቶች ያውቁታል። ትልቅ ገዢ ሲመጣ የእህል ተራው ዋጋ ይሰቀላል። ለሻጩ ሠርግ ነው። በቁና እየገዛች እንጀራ ጋግራ ለምትሸጠው ግን አይደለም።

ስለዚህ ከአገር ውስጥ መግዛትም ወር አለው። በጥርና በየካቲት ገበያው ሲጥለቀለቅ መግዛት የአጎቴን ዋጋ ከታች ይደግፋል። በሰኔ መግዛት ግን የድሃዋን ቁና ማስወደድ ነው። ግምገማ ላይ «ከአገር ውስጥ ይህን ያህል ቶን ተገዛ» ተብሎ ሲጻፍ የሚጨበጨበው ለሁለቱም እኩል ነው።

ስለ ስርቆቱም አንድ ነገር

በሰኔ 2015 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። እህሉ ለተቸገረ ሰው መድረሱ ቀርቶ በስፋት ወደ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው ተባለ። ለወራት ቆሞ ስደተኞች በ2016 መስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ሌሎቹ ደግሞ በታኅሣሥ ገደማ ተመለሰላቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዲት እናት 15 ኪሎ ስንዴ ተቀብላ 3 ኪሎውን ብትሸጥ ሌባ አይደለችም። ወፍጮ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል፣ ጨው ይፈልጋል፣ በርበሬ ይፈልጋል። እንዲያውም ስንዴ ሸጣ በቆሎ ብትገዛ ብዙ ኪሎ ታገኛለች። በመኪና ተጭኖ በቀጥታ ወደ ዱቄት ፋብሪካ የሚሄደው ግን ሌላ ነው። ያ ዝርፊያ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ እናቲቱንም መቅጣት ስንፍና ነው። የተቀጣችውም እሷ ናት።

ያ ጊዜ እርዳታ በዋጋ ላይ ያለውን ኃይል ለመለካት ጥሩ አጋጣሚ ነበር የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ማዳበሪያ ጠፍቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ኬላ በዝቷል፣ ብሩም እየወረደ ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል የእርዳታውን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ከድፎ ዳቦ ውስጥ ጨውን ለይቶ እንደ ማውጣት ነው።

አሁን ደግሞ የባሰ ለውጥ መጥቷል። ከጥር 2017 ጀምሮ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አግዳ፣ ከዚያም የተራድኦ ድርጅቷ በሰኔ መጨረሻ ሥራውን አቆመ። ለብዙ ዓመታት ትልቋ የእህል ለጋሻችን አሜሪካ ነበረች። የእርዳታ ስንዴ ገበሬውን ይጎዳል ሲሉ የነበሩ አሁን ደስ ሊላቸው ይገባል ማለት ነው? የማርቆስ ነጋዴ ደስ ብሎት አላየሁም። ዋግ ውስጥ ያለው ተረጂ ስንዴ ቀርቶበት ገንዘብ ካልተተካለት ከጎጃም እህል የሚገዛበት የለውም። የተራበ ሰው ብዙ መሆኑ ገበያ አይፈጥርም። ብር ያለው ርሃብተኛ ነው ገበያ የሚፈጥረው። ከጎጃም ትርፍ ወደ ዋግ ረሃብ እህል የሚያንቀሳቅሰው የመንግሥት ወይም የለጋሽ ገንዘብ በጥር ጎጃም ላይ ካልወጣ አጎቴ እንደ ወትሮው ይሸጣል፤ ዋግም እንደ ወትሮው ይጠብቃል።

ባለፈው አጎቴ ደወለ። ማርቆስ ላይ ስንዴ ስንት ገባ አለኝ። ነገርኩት። ዝም አለ፤ ዋጋ ሲያንስበት እንዲህ ነው። ከዚያ ስለ ጆንያ ጠየቀኝ። ያን ባለ እጁን ሳይሆን አዲስ የመጣውን፣ ሦስት ድርብ ሆኖ አየር የማያስገባውን። ነቀዝ ውስጡ ታፍኖ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም ብለውታል። ከተራው ጆንያ እንደሚወደድ ነገርኩት።

«ስንት ልላክልዎ ጋሼ?»

«ሁለት ብቻ» አለ። «ሦስተኛውን ኩንታል ዕዳው ይወስደዋል።»